ምጥ ሳይመጣ በሩን የከፈተ ሐኪም ቤት

ስለ ሐኪም ቤቶች ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ነገራቸውን አብዛኛውን ጊዜ ከመሠረቱ ድንጋይና ከምረቃው በዓል ይጀምሩና በአልጋዎቹ ቁጥርና በመሣሪያዎቹ ዋጋ ይፈጽሙታል፤ ይህ አጻጻፍ ለመዝገብ የሚጠቅም ቢሆንም ሕንፃው የቆመለትን ምክንያት ግን አይነግረንም። በእኔ አሳብ የአንድን ሐኪም ቤት፣ ይልቁንም በቤተ ክርስቲያን ስም የተመሠረተውን ሐኪም ቤት፣ ጥቅምና ክብር ልንመዝን ስንፈልግ ልንጠይቀው የሚገባን፣ ከበሩ የደረሰውን ሕመምተኛ እንዴት አከመ ብለን ብቻ ሳይሆን፣ ከበሩ መድረስ ያልቻለውን እንዴት አድርጎ አቀረበ ብለን ነው። ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው ሁሉ ይልቅ ግልጽ መልስ የሰጠው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ፣ እንሰት በከበበው የጉራጌ ምድር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ስለሆነ፣ ታሪኩን አንሥቼ ከታሪኩ የሚከተለውን ግዴታችንን ለማመልከት እወዳለሁ።

ነዳያንንና ድውያንን በአንድ ቅጥር ሰብስቦ ማከም በክርስትና ትናንት የተገኘ ልማድ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የቀጰዶቅያዋ ቂሳርያ ጳጳስ የነበረውና በስሙ የተጠራውን ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ የምትቀድስበት ቅዱስ ባስልዮስ፣ አገሩን ጽኑ ረኃብ ከመታው በኋላ፣ ለእንግዶች ማረፊያ፣ ለድኆች መጠለያ፣ ለሕሙማን መታከሚያ የሚሆን ሰፊ ግቢ ከከተማው ውጭ አሠርቶ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አኖረበት። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትም ባስልዮስ ካረፈ በኋላ ባደረገው የመታሰቢያ ንግግር ያን ግቢ እንደ አዲስ ከተማ ቆጥሮ አመሰገነው፤ ጳጳሱ ራሱ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ቀርቦ ይሳለማቸው እንደ ነበርም መሰከረለት። ባስልዮስ ድውያኑ ወደ መንበሩ እስኪመጡ አልጠበቀም፤ እርሱ ወጥቶ እነርሱ ወዳሉበት ሄደ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ፍቅረ ቢጽን በሥራ የገለጹ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሁሉ የሄዱበት መንገድ ይኸው ነው።

የአጣጥ ሆስፒታል የቅርብ የዘር ሐረግ ደግሞ ከሁለት ሴቶች ይመዘዛል። ከሁለቱ የምትቀድመው አግነስ ማክላረን የስኮትላንድ ተወላጅ ስትሆን፣ የአገሯ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሴትን በማይቀበሉበት ዘመን ወደ ፈረንሳይ ተሻግራ በሞንፔልዬ ተምራ በ1878 ተመረቀች (በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ የምጽፋቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ በምትገዛው ሕንድ፣ ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው በራዋልፒንዲ ከተማ፣ ከመጋረጃ ውስጥ የማይወጡ ሴቶች ባዕድ ወንድ ሐኪም እንዲያያቸው ልማዳቸው ስለማይፈቅድላቸው ያለ ረዳት በምጥና በወሊድ ደም እንደሚሞቱ በሰማች ጊዜ፣ ለሴቶችና ለሕፃናት የሚሆን ሐኪም ቤት በዚያ እንዲቋቋም ደከመች። ያንን ሐኪም ቤት በማያቋርጥ አገልግሎት ይይዙት ዘንድ ዕድሜያቸውን ለእግዚአብሔር የሰጡ ደናግል ሐኪሞች ያስፈልጉ ነበር፤ ነገር ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና ደናግል የሕክምናን ሙያ በሙሉ፣ ይልቁንም ማዋለድን፣ እንዲሠሩ አይፈቅድም ነበርና፣ አግነስ ማክላረን ሕጉ እንዲለወጥ ወደ ሮም ደጋግማ ስታመለክት ኖራ የልፋቷን ፍሬ ሳታይ በ1913 ዐረፈች።

የጀመረችውን የፈጸመችው ሁለተኛይቱ፣ በኦስትርያ በቲሮል ተራሮች የተወለደችው አና ዴንገል ነበረች። ይህች ሴት ለማክላረን ደብዳቤ ጽፋ ምክር ተቀበለች እንጂ ፊቷን ለማየት አልታደለችም። በምክሯ መሠረት በአየርላንድ በኮርክ ከተማ ሕክምና ተምራ በ1919 ከተመረቀች በኋላ ወደ ራዋልፒንዲ ወርዳ፣ አንዲት ሐኪም ሌት ተቀን ብትሠራ እንኳ የማትደርስበትን የእናቶች መከራ በዓይኗ አየች፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዳ በ1925 በዋሽንግተን ከተማ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች ማኅበርን መሠረተች። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1936፣ የሮም መንበር የቆየውን ክልከላ አንሥቶ ደናግል ማዋለድን ጨምሮ የሕክምናን ሥራ ሁሉ እንዲሠሩ ፈቀደ። እንግዲህ አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ ይህ ማኅበር ከመሠረቱ የቆመው ስለ ሕመም ሁሉ በጠቅላላው በማሰብ ሳይሆን፣ ሐኪም በአገሩ እያለ ሐኪም ሳይደርስላት በምጥ ስለምትሞት አንዲት ሴት በማሰብ መሆኑን ነው።

በ1969 የዚሁ ማኅበር እኅቶች በአጣጥ ሆስፒታሉን መሠረቱ። የመጡበት አገር ሕዝብም ባዕድ ረዳት እስኪመጣለት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ አልነበረም፤ በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች፣ በአዲስ አበባ በንግድ የሚተዳደረው ከአገር ቤቱ ገበሬ ጋራ ተባብሮ፣ የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ከየኪሳቸው እያዋጡ መንገድ ማሠራት ጀምረው ነበር። ስለዚህም ሐኪም ቤቱ የተተከለው የመረዳዳት ሥርዓት በለመደ ማኅበረሰብ መካከል ነው፤ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ካቶሊኩ በአንድ ገበያ ተገበያይቶ በአንድ ለቅሶ የሚቀመጥበት አገር ስለሆነም፣ ከሐኪም ቤቱ ደጅ የሚሰለፈው ሕመምተኛ በሃይማኖት የተለየ ሊሆን አይችልም፣ ሆኖም አያውቅም።

ነገር ግን ሐኪም ቤት መኖሩና ሐኪም ቤት መድረስ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በተራራማው የገጠር ቀበሌ ምጥ የጀመራት ሴት በመጀመሪያው ቀን የሚረዳት የልምድ አዋላጅና የጎረቤት ጸሎት ነው፤ በክርስቲያኑ ቤት ማርያም በሽልም ታውጣሽ ይባልላታል፣ በሙስሊሙ ቤት ዱዓ ይደረግላታል። በሁለተኛው ቀን ነገሩ እንደከበደ ሲታወቅ ባል ወይም ወንድም ከቤት ቤት እየዞረ ጎረምሶች ይለምናል፤ ሁለት አጠና ተቆርጦ በጠፍር ተወጥሮ ቃሬዛ ይሠራል፤ ሴቲቱ በጋቢ ተጠቅልላ ትተኛበታለች፤ ተሸካሚዎቹ በየተራ ትከሻ እየተለዋወጡ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ ክረምት ከሆነ ወንዙ እስኪጎድል በዳር ይቆማሉ፣ ሌሊት ከሆነ በጭቃው ላይ በኩራዝ ብርሃን እግራቸውን እየፈለጉ ይሄዳሉ። ከሐኪም ቤቱ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ሞቷል፤ እናቲቱም ማኅፀኗ ተተርትሮ ወይም ደሟ አልቆ ከሐኪም እጅ ላይ ትቀራለች። ተርፋ ብትነሣ እንኳ ረጅሙ ምጥ አካሏን ቀዶ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት፣ ከሰው ተገልላ የምትኖር ብዙ ናት፤ በ1974 በአዲስ አበባ በዶክተር ካትሪንና በዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን የተመሠረተው የፌስቱላ ሆስፒታል የሚያክማቸው እንደነዚህ ያሉትን እኅቶቻችንን ነው። እንግዲህ ከበሩ ላይ የተቀመጠው ሐኪም ምንም ያህል ጥበበኛ ቢሆን፣ ያ የሁለት ቀን መንገድ ከገደለ በኋላ የሚመልሰው ነፍስ የለም።

የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 የወሰደው እርምጃ ለዚህ መከራ የተሰጠ መልስ ነው። በግቢው ውስጥ የአገሩን ቤት የሚመስሉ ጎጆዎች አቁሞ፣ የመውለጃ ጊዜያቸው የተቃረበና ለአደጋ የሚያሰጋ ምልክት የታየባቸው ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው አስቀድመው መጥተው እንዲቀመጡ ጠራቸው፤ ዛሬ በአገራችን የእናቶች ማቆያ እየተባለ የሚጠራው ቤት የመጀመሪያው ይህ ነው። የሚመረጡትም ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ልጅ ሞቶ የተወለደባት፣ መንታ ያረገዘች፣ ፅንሷ በማኅፀን የተጋደመባትና ቤቷ እጅግ የራቀ ናቸው። እንዲህ ያለችው ሴት ከእናቷ ወይም ከእኅቷ ጋራ መጥታ በጎጆው ውስጥ እሳት አንድዳ፣ የለመደችውን ቆጮና ጎመን በልታ፣ ከሌሎች እርጉዞች ጋራ ቡና ጠጥታ ትሰነብታለች፤ አዋላጅዋ በየጊዜው ሆዷን ዳስሳ የሕፃኑን የልብ ትርታ ታዳምጣለች፤ ምጥ በመጣ ጊዜም ከጎጆው እስከ ማዋለጃው ክፍል ያለውን ጥቂት እርምጃ በእግሯ ትሄዳለች። በዚህ አሠራር ውስጥ ከውጭ አገር ተገዝቶ የመጣ መሣሪያ የለም፤ ያለው የእናትን ልማድ ማክበርና ጊዜን መቅደም ብቻ ነው።

የዚህን ቀላል አሳብ ፍሬ ሐኪሞቹ ራሳቸው በመዝገብ ሲከታተሉት ኖረው በ2010 በእንግሊዝ አገር በሚታተም የማኅፀንና የወሊድ ሕክምና መጽሔት አወጡት። ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ ከወለዱት 24,148 ሴቶች መካከል 6,805ቱ በማቆያው ቆይተው የወለዱ፣ 17,343ቱ ደግሞ ከቤታቸው በቀጥታ የመጡ ነበሩ። በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ፣ በማቆያው ከቆዩት መካከል የሞቱት እናቶች 90 ያህል ሲሆኑ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ናቸው፤ ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም ከ1,000 ወሊድ በፊተኞቹ ዘንድ 18 ያህል፣ በኋለኞቹ ዘንድ 191 ሆነው ተገኙ። በቀጥታ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ በቤት ሲሰቃዩ ውለው አድረው ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል የደረሱ ናቸውና ሁለቱ ወገኖች አይመሳሰሉም የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፣ እውነት ነው እላለሁ፤ ግን ማቆያው የተሠራው እነዚያ ሴቶች በዚያ ሁኔታ እንዳይደርሱ ስለሆነ፣ ክርክሩ የማቆያውን ጥቅም ይበልጥ ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ከዚያው ጥናት ሌላ አንድ ቁጥር አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገንም እርሱ ነው። በማቆያው ከቆዩት ሴቶች መካከል ከመቶ 38 ያህሉ የወለዱት በቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን በቀዶ ሕክምና የወለዱት ከመቶ 20 ያህሉ ናቸው። ይህም ማለት እነዚያን እናቶች ያዳነቻቸው ጎጆዪቱ ብቻዋን አይደለችም፤ ከጎጆዪቱ በጥቂት እርምጃ ርቀት ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም፣ የሚያደነዝዝ ባለሙያ፣ የሚሰጥ ደምና የሚበራ መብራት ስለነበረ ነው። ጎጆዪቱ ያለ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሴቲቱን ከቤቷ አውጥታ በሌላ ስፍራ ታስጨንቃት ነበር፤ ክፍሉም ያለ ጎጆዪቱ ዘግይተው የመጡትን ተቀብሎ ለቀብር ይመልስ ነበር። የአጣጥ ሆስፒታል ጥበብ ሁለቱን በአንድ ቅጥር ማጋባቱ ነው።

አገራችን በእናቶች ጤና ብዙ መንገድ መጓዟን የሚክድ ሰው እውነተኛ አይደለም። በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ የነበረው በ2016ቱ ጥናት ወደ 412 ዝቅ ብሏል፤ በ2005 በጤና ተቋም የሚወለዱት ከመቶ 5 ብቻ የነበሩት በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት መዞራቸው፣ አምቡላንሶች ለወረዳዎች መታደላቸው፣ ወሊድ በመንግሥት ተቋማት ያለ ክፍያ እንዲሆን መወሰኑ፣ ከአጣጥ የተወሰደው የማቆያ አሳብም በጤና ሚኒስቴር ተቀባይነት አግኝቶ በየጤና ጣቢያው መሠራቱ ለዚህ ውጤት ድርሻ አለው። ነገር ግን ከእነዚህ ማቆያዎች ብዙዎቹ ስማቸው እንጂ ነገራቸው ከአጣጥ አልተወሰደም። ክፍሉ ይሠራል፤ እናቲቱ የምትበላው ግን በጀት አይያዝለትም። አልጋ ይገባበታል፤ የምታበስልበት ማገዶና የምታስታምማት እኅቷ የምታድርበት ስፍራ አይታሰብም። ከሁሉም የባሰው፣ ቀዶ ጥገና ከማይደረግበት ጤና ጣቢያ የሚቀመጡት እናቶች፣ ምጡ ሲከፋ ሌላ ረጅም መንገድ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ምክንያት ማቆያው ባዶውን ሲቆም፣ ጥፋቱን ወደ እናቶች መልሰን ኋላ ቀር ልማድ ያዛቸው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አምስትና ስድስት ልጅ በቤት ትታ የምትመጣ እናት፣ የምትበላው በሌለበት ቤት ሦስት ሳምንት ተቀመጪ ብትባል እምቢ የምትለው ማስተዋል ስላላት ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ መንግሥት በሙሉ ይውሰደው፣ የቤተ ክርስቲያን ሐኪም ቤት ዘመኑ አልፏል የሚሉ አሉ። መንግሥት የወሰደው ሐኪም ቤት ሁሉ ጠፍቷል ብዬ አልከራከርም፤ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን በአዲስ አበባ ያቋቋመችው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በደርግ ዘመን ተወርሶ እስከ ዛሬ ሕዝብን ያገለግላል። ነገር ግን በአይራ የመካነ ኢየሱስ፣ በጊምቢ የአድቬንቲስት፣ በወሊሶ የቅዱስ ሉቃስ፣ በአጣጥም የእመቤታችን ማርያም ሆስፒታሎች፣ ትርፍ ሳይፈልጉ ለሰፊ ገጠር ሕዝብ ዋና መታከሚያ ሆነው በቆሙበት አገር፣ ሌላ ሕንፃ ለማቆም የሚያስችል ገንዘብ በሌለበት፣ ያለውን ማዳከም ጥበብ አይደለም። የሚበጀው በሕዝብ ፋንታ የሚሠራውን በሕዝብ ገንዘብ መደገፍ ነው። ድኻዪቱ እናት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ እንድትወልድ መብት ከተሰጣት፣ ያው መብቷ ከቤቷ በሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ሐኪም ቤት በርም አብሯት ሊገባ፣ ወጪውንም መንግሥትና የማኅበረሰቡ የጤና መድን ሊከፍሉ ይገባል።

ቤተ ክርስቲያናትም የራሳቸው ዕዳ አለባቸው። እስከ ዛሬ ሐኪም ቤቶቻቸውን በአመዛኙ የያዙት ከባሕር ማዶ በሚመጣ ምጽዋትና ዕድሜያቸውን በሰጡ የውጭ አገር ደናግል ነው፤ እነዚያ ደናግል እያረጁ ናቸው፣ በአገራቸው በእግራቸው የሚተካውም እየሳሳ ሄዷል። ስለዚህ በየደብሩ ለሕንፃ እድሳትና ለጉልላት የሚሰበሰበው መባ ታላቅ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ከዚያው ላይ የተወሰነ ዐሥራት ለእናቶች ማቆያ ቢለይ፣ የአካባቢውም ወጣት ሐኪሞችና አዋላጆች ተምረው እንዲመለሱ ቤተ ክርስቲያን ወጪያቸውን ብትችል፣ የባስልዮስን ቅዳሴ ከመቀደስ አልፎ የባስልዮስን ሥራ መሥራት ይሆናል። ይህን የምለው ለካቶሊኩ ብቻ አይደለም፤ ለኦርቶዶክሱም ለወንጌላውያኑም ነው፣ ለመስጊዶቻችንም እንዲሁ፤ ሞት ከነፍሰ ጡር ደጅ ሲቆም የማንኛውን ማኅተብ ለይቶ አይመለስምና።

በመጨረሻ ነገሬን የማዞረው በአዲስ አበባና በየከተማው፣ በውጭም አገር ወደምትኖሩት የገጠር ልጆች ነው። አባቶቻችሁ መንግሥት ያላደረሰውን መንገድ ከሱቃቸው ገቢ እያዋጡ አደረሱት፤ በመስቀልና በዓረፋ በዓል መኪናችሁን ይዛችሁ ወደ ትውልድ ቀያችሁ ስትገቡ የምትሄዱበት አንዳንዱ መንገድ በዚያ መዋጮ የተጠረገ ነው። ያን መንገድ ያሠራ ማኅበር፣ በመንገዱ ዳር ለቆመ ማቆያ የጤፍና የቆጮ፣ የማገዶና የብርድ ልብስ ወጪ መሸፈን ከአቅሙ በላይ አይሆንበትም። ለአንድ ሠርግ ከምናወጣው ገንዘብ በጥቂቱ ብዙ እናቶች በሰላም ይሰነብታሉ። እድሮቻችን ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን መትከልን አሳምረው ያውቃሉ፤ ሰው ሳይሞት ማቆያን ማኖርም እንዲሁ የእድር ሥራ ይሁን። ስለዚህ በዚህ ዓመት እያንዳንዱ የልማት ማኅበርና እያንዳንዱ እድር በትውልድ ወረዳው ያለውን ማቆያ አንድ ጊዜ ሄዶ ይይ፤ የሚበላ እንዳለ፣ የሚበስልበት እንዳለ፣ ቀዶ ሐኪምም በስንት ሰዓት መንገድ እንደሚገኝ ይጠይቅ፤ ጎድሎ ያገኘውንም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያስታውቅ፣ የሚችለውን ራሱ ይሙላ። አጣጥ ከብዙ ዓመት በፊት የፈታውን ጉዳይ እኛ ዛሬ እንደ አዲስ ችግር የምናወራበት ምክንያት የዕውቀት ማጣት አይደለም፤ መፍትሔው ታውቋል፣ የቀረን ወጪውን የእኔ ነው ብሎ የሚቀበል ሰው ነው።